ጣሪያ የለበሰው ገበያ፦ የሳውዝዴል የገበያ ማዕከል ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ፣ በሚኔሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ ኢዳይና የምትባል የከተማ ዳር መኖሪያ አለች። መስከረም 28 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 8 ቀን 1956፣ ሳውዝዴል የተባለው የገበያ ማዕከል በዚህች ቦታ በሩን ሲከፍት ወደ 75 ሺሕ የሚገመት ሕዝብ በአንድ ቀን ጎረፈበት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕንፃው ከውጭ ሲታይ በሰፊ የመኪና ማቆሚያ መካከል የተቀመጠ፣ መስኮት የሌለው ግዙፍ ሣጥን ነበር። ወደ ውስጥ የገባው ሰው ግን በሁለት ፎቅ ሱቆች የተከበበ፣ ከላይ ብርሃን የሚወርድበት ሰፊ አደባባይ አገኘ። በአደባባዩ ላይ ዛፎችና አበቦች ተተክለዋል፣ ውኃ ይፈስሳል፣ ከ6 ሜትር በላይ ቁመት ባለው የወፍ ቤት ውስጥ አእዋፍ ይዘምራሉ፣ ሻይ ቡና የሚጠጣበት ጠረጴዛና ወንበር ተደርድሯል። የአየሩ ሙቀት በጋ ከበረዶ ወራት ሳይል በ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጸንቶ ይኖራል። ባለቤቶቹም ቦታውን «የዘላለም ጸደይ የአትክልት አደባባይ» ብለው ሰየሙት።

ስለ ዘመናዊ ከተማ አሠራር የሚጽፉ ባለሙያዎች ይህንን ሕንፃ ሳይጠቅሱ አያልፉም። ሙሉ በሙሉ የተከደነ፣ አየሩም በመሣሪያ የሚጠበቅ የመጀመሪያው ክልላዊ የገበያ ማዕከል ነው ተብሎ ይጻፋል። በርግጥ ይህንን ማዕረግ የሚሻሙ አሉ፤ በዊስኮንሲን ግዛት በአፕልተን ከተማ በ1955 የተከፈተው ቫሊ ፌር ከሳውዝዴል በአንድ ዓመት እንደሚቀድም የሚናገሩ አልጠፉም። ይህ ክርክር ለሙያው ሰው ብዙ ፍሬ የለውም። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ የተሠሩት በሺሕ የሚቆጠሩ ማዕከሎች መልካቸውን የቀዱት ከአፕልተን ሳይሆን ከኢዳይና ነውና። ይልቁንም ሊመረመር የሚገባው፣ ከተሞች እንዳይበታተኑ ታስቦ የተነደፈ ሕንፃ ከተሞችን ለመበታተን ዋና መሣሪያ ሆኖ የተገኘበት ምክንያት ነው።

ከቪየና እስከ ሚኔሶታ

ገበያን ጣሪያ ማልበስ በራሱ አዲስ ሐሳብ አልነበረም። የኢስታንቡል ሽፍን ገበያ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው። በፓሪስ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በመስታወት የተከደኑ የገበያ መተላለፊያዎች በብዛት ተሠርተዋል፤ በሚላኖ በ1867 የተከፈተው ጋለሪያና በክሊቭላንድ በ1890 የተሠራው አርኬድም የዚሁ ዘር ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በከተማ ልብ ውስጥ የተሠሩ፣ በሁለትና በአራት በኩል ወደ መንገድ የሚከፈቱ፣ ሰው በእግሩ ከአንዱ ጎዳና ወደ ሌላው ሲሻገር የሚያልፍባቸው ነበሩ። ሳውዝዴል የተሠራው በእርሻ ማሳ ላይ ነው። ወደ እርሱ የሚመጣው ሁሉ በመኪና ይመጣል፤ በእግሩ አልፎ የሚሄድበት ሌላ ስፍራ የለም። ከሱቆቹ ጀምሮ እስከ አደባባዩ መቀመጫ ድረስ ያለውም ንብረት ሁሉ የአንድ ባለቤት ነው። ልዩነቱ ከጣሪያው ይልቅ በዚህ ላይ ነው።

የንድፉ ባለቤት ቪክቶር ግሩን በ1903 በቪየና ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የቀድሞ የቤተሰቡ ስም ግሩንባውም ነበር። በዚያችው ከተማ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተምሮ በሕንፃ ሥራ ላይ ሲሠማራ፣ ማታ ማታ ደግሞ በፖለቲካ ቀልድ በሚታወቁ ትንንሽ የካባሬ መድረኮች ላይ ይጫወት ነበር። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ኒው ዮርክ የደረሰው በኪሱ 8 ዶላር ብቻ ይዞ፣ እንግሊዝኛም ሳያውቅ እንደነበረ ኋላ ራሱ ይተርክ ነበር። የመድረክ ሰውነቱን ግን ከእርሱ ጋር ይዞት መጥቷል። በ1939 በፊፍዝ አቬኑ ላይ ሌደረር ለተባለ የቆዳ ዕቃ ነጋዴ በሠራው ትንሽ ሱቅ ላይ ይህ በግልጽ ታየ። የሱቁን ፊት ከእግረኛው መንገድ ወደ ውስጥ ስቦ፣ በመስታወት ሣጥኖች የተከበበች ትንሽ ደጀ ሰላም የመሰለች መግቢያ አበጀላት። መንገደኛው ዕቃውን ለማየት ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከገባም በኋላ የሱቁ በር እጅግ ቅርብ ሆኖ ያገኘዋል። ለመግዛት ያላሰበ ሰው በቦታው አቀማመጥ ብቻ ሸማች የሚሆንበትን ይህን ዘዴ ኋለኞቹ ጸሐፊዎች በእርሱ ስም «የግሩን ዘዴ» ብለው ሰይመውታል። ስያሜው ለሰውዬው ክብርም ዘለፋም ሆኖ ቀርቷል።

ግሩን በ1941 ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። የመኪና መንገድ ዳርና ዳር ይዘው ያለ ሥርዓት የሚደረደሩትን ሱቆች፣ የነዳጅ ማደያዎችና የማስታወቂያ ሰሌዳዎች የጠላው በዚያ ነው። በ1943 አርኪቴክቸራል ፎረም የተባለው የሙያ መጽሔት ከጦርነቱ በኋላ ሊሠሩ ስለሚገባቸው ሕንፃዎች ልዩ እትም ሲያዘጋጅ፣ እርሱና የሥራ ባልደረባውም ባለቤቱም የነበረችው ኤልሲ ክሩሜክ ለአንድ ሰፈር የሚሆን የገበያ ማዕከል ንድፍ አቀረቡ። ከዚያ ጀምሮ ሐሳቡ አንድ ነበር፤ የከተማ ዳር ነዋሪ እንደ ቪየና ሰው ተገናኝቶ የሚጨዋወትበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ፖስታ ቤትና ቤተ መጻሕፍት፣ የስብሰባ አዳራሽና ሐኪም ቤት ያለበት ማዕከል ያስፈልገዋል፤ የዚህንም ወጪ የሚሸፍነው ንግድ ይሆናል የሚል ነው። በዲትሮይት አጠገብ ለሃድሰን ኩባንያ የነደፈው ኖርዝላንድ በ1954 ተከፍቶ ብዙ ትርፍ ሲያስገኝ ሐሳቡ በገንዘብም የሚያዋጣ መሆኑ ተረጋገጠ። ኖርዝላንድ ግን አደባባዮቹ ሰማይ የሚታይባቸው፣ ጣሪያ ያልለበሱ ነበሩ።

ብርዱ፣ ንድፉና ሒሳቡ

በሚኒያፖሊስ የዴይተን መደብር ከ1902 ጀምሮ የታወቀ የንግድ ቤት ነበር። በ1950 አምስት ወንድማማቾች የአያታቸውን ሥራ ሲረከቡ ደንበኞቻቸው ከከተማው መካከል ወደ ዳር እየሸሹ መሆናቸውን አይተው ነበር። በዳር የምትገኘው የኢዳይና ሕዝብ በ1950 ከ10 ሺሕ ጥቂት ያንስ የነበረው በ1960 ከ28 ሺሕ በላይ ሆኗል። ወንድማማቾቹ ሸማቹን ተከትሎ መሄድ ይሻላል ብለው ቆረጡና ግሩንን ጠሩት፤ ዕቅዱም በ1952 ይፋ ሆነ።

የሚኔሶታን የአየር ጠባይ ያላየ ሰው የጣሪያውን ምክንያት በቀላሉ አይረዳውም። በብርዱ ወራት ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ በበጋው ደግሞ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚወጣ ወበቅ አለ። በተደረገው ስሌት መሠረት በዓመት ውስጥ በእግር ተዘዋውሮ ለመገበያየት በእውነት የሚመቹት ቀናት 126 ብቻ ነበሩ። በቀሩት ቀናት ሰው መኪናውን ከአንዱ ሱቅ ደጃፍ ወደ ሌላው ያንቀሳቅሳል፣ ወይም ጭራሹን ከቤቱ አይወጣም። ስለዚህ ግሩን አደባባዩን ከደነው።

የዚህ ውሳኔ የምሕንድስና ውጤት ከታሰበው በላይ ሆነ። መላውን ቦታ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ታላቅ ወጪ መስሎ ቢታይም፣ ሱቆቹ በራሳቸው ከውጭ አየር ጋር የሚገናኙበት ፊት ስለሌላቸው ወፍራም ግድግዳ፣ የመስታወት ፊት፣ አንዳንዶቹም ጭራሹን በር አላስፈለጋቸውም። ተራርቀው የነበሩ ሱቆች ተጠጋጉ፤ የሕንፃው የውጭ ገጽ ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር አነሰ፤ በዚህም የተቆጠበው የአደባባዩን ወጪ በከፊል መለሰው። በሁለት ፎቅ መሠራቱም ለዚሁ ጠቅሟል። በአንድ ወለል ቢዘረጋ ኖሮ ሸማቹ ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ ይደክመው ነበር፤ አሁን ግን በአንድ በኩል ሄዶ፣ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ወጥቶ፣ በሌላው ፎቅ ይመለሳል። ሰው ወደ ላይኛው ፎቅ መውጣት አይወድም የሚለውን የነጋዴዎች ሥጋት ለማስወገድ የመኪና ማቆሚያው መሬት በተዳፋት ተበጅቶ፣ ግማሹ ሸማች በቀጥታ ወደ ላይኛው፣ ግማሹም ወደ ታችኛው ወለል እንዲገባ ተደረገ። ይህ ቀላል የሚመስል ብልኀት ከወፍ ቤቱም ከአበባውም ይልቅ የአርክቴክቱን ችሎታ ያሳያል። የጭነት መኪናዎችም ከሕዝቡ ዓይን ተሰውረው ከምድር በታች ባለው የአገልግሎት ወለል በኩል ዕቃ ያራግፋሉ። በአደባባዩ ላይ ሃሪ ቤርቶያ የሠራቸው «ወርቃማ ዛፎች» የተባሉ የብረት ቅርጾች ቆሙ። ማዕከሉ በአጠቃላይ 72 ሱቆች፣ ለ5,200 መኪናዎች ማቆሚያ ነበሩት፤ ወጪውም 20 ሚሊዮን ዶላር ሆነ።

ከንድፉ በማያንስ ደረጃ ሊጠና የሚገባው የኪራዩ ሥርዓት ነው። ዴይተኖች የዘመናት ተፎካካሪያቸው የሆነውን የዶናልድሰንስን መደብር በዚያው ጣሪያ ሥር እንዲገባ ጋበዙት። በጊዜው እንደ እብደት የተቆጠረ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ ታላላቅ መደብሮች በሁለት ጫፍ ሲቀመጡ ሸማቹ ዋጋና ዓይነት ለማነጻጸር ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ ሲመላለስም በመካከል ባሉት ትናንሽ ሱቆች ፊት ያልፋል። የአገራችን የገበያ ሰው ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች በአንድ ተራ የሚሰበሰቡበትን ምክንያት ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፤ አሜሪካኖቹ የጨመሩበት ነገር ቢኖር መሬቱን ሁሉ በአንድ እጅ አድርገው ሒሳቡን ማስላታቸው ነው። በዚህ ዓይነት ማዕከል ታላላቆቹ መደብሮች ሕዝብ ስለሚስቡ ለቦታው የሚከፍሉት እጅግ ጥቂት ነው። ትናንሾቹ ግን ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከፍ ያለ ኪራይ ይከፍላሉ፤ ከሽያጫቸውም ላይ በመቶኛ ይቆረጥባቸዋል። ባለቤቱ ማን ምን እንደሚሸጥ፣ በስንት ሰዓት እንደሚከፍት፣ ምልክቱን የት እንደሚሰቅል በውል ይወስናል። የጫማ ጠጋኙና የሠፈር ልብስ ሰፊው በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቦታ ማግኘት አይችሉም፤ የሚገኙትም አገር አቀፍ ቅርንጫፍ ያላቸው ነጋዴዎች ናቸው።

ጋዜጦችና የሙያ መጽሔቶች ሳውዝዴልን በታላቅ ውዳሴ ተቀበሉት። ለመወደስ ያልቸኮለ አንድ ሰው ነበር። እርሱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ማዕከሉን የጎበኘው ስመ ጥሩ አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ነው። ራይት በዚያ ባዶ በሚመስል ስፍራ ማን መቀመጥ ይፈልጋል ብሎ ጠየቀ፤ አደባባዩ የመንደር መንገድ ጉድለት ሁሉ እያለው ውበቱ አንድም የለውም ሲል ነቀፈ፤ የከተማውን መካከል በከተማው መካከል መተው ይገባ እንደነበረም ተናገረ። ራይት የሌላውን ሥራ በማሞገስ አይታወቅምና ብዙዎች ንግግሩን ከቅናት ቆጠሩት። ከዛሬ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ግን የመጨረሻዋ ነቀፋ ከቁጣ በላይ የሆነ ነገር ነበራት።

ያልተሠራው ከተማ

ከገበያው ሕንፃ ጋር አብሮ የታቀደው ነገር ዛሬ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዴይተኖች በዚያ ስፍራ የያዙት መሬት 463 ኤከር፣ ማለትም ወደ 187 ሄክታር ነበር። በግሩን ፕላን መሠረት የገበያ ማዕከሉ የዚህ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። በዙሪያው አፓርታማዎችና የግል ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የሕክምና ማዕከል፣ መናፈሻና ሐይቅ እንዲኖሩ ታስቦ ነበር። ነዋሪው በእግሩ ወደ አደባባዩ ይመጣል፤ ማዕከሉም ከውጭ የሚመጣውን የተዝረከረከ ንግድ የሚከላከል አጥር ይሆናል። በአጭሩ የታቀደው ከተማ ነበር።

የተሠራው ግን ገበያው ነው። ሕንፃው እንደ ተከፈተ በዙሪያው ያለው የመሬት ዋጋ አሻቀበ። ለባለቤቶቹ በፕላኑ መሠረት ለዓመታት ቀስ እያሉ ከመገንባት ይልቅ መሬቱን እየሸነሸኑ መሸጥ የበለጠ ትርፍ አስገኘላቸው። በ1965 በአቅራቢያው ሆስፒታል ተከፍቷል፤ ቢሮዎችና መኖሪያዎችም ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሕንፃ በራሱ የመኪና ማቆሚያ ተከብቦ፣ ከጎረቤቱ በሰፊ መንገድ ተለያይቶ ቆመ። ግሩን ይከላከለዋል ያለው መበታተን በማዕከሉ ዙሪያ ራሱ በቀለ። የዴይተን ወንድማማቾችን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፕላኑን የሚያስገድድ ሕግ ወይም የሕዝብ ባለሥልጣን በሌለበት አገር ነጋዴ የሚጠበቅበትን አድርጓል። የስሕተቱ ሥር የከተማ ፕላን አፈጻጸም ለመሬት ባለቤቱ በጎ ፈቃድ ብቻ መተዉ ላይ ነው።

ከሳውዝዴል ውጭ የሆነውን ለመረዳት ደግሞ ከአርክቴክቶች ጠረጴዛ ወደ ገንዘብ ሕግ መሻገር ያስፈልጋል። የታሪክ ምሁሩ ቶማስ ሃንቸት በ1996 ባወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1954 የገቢ ግብር ሕጉን ሲያሻሽል ለአዲስ የንግድ ሕንፃ የሚታሰበውን የእርጅና ቅናሽ አፋጠነው። ከዚያ በፊት አንድ ባለሕንፃ የሕንፃውን ዋጋ ለ40 ዓመታት ያህል በእኩል እየከፋፈለ ከግብር ሒሳቡ ይቀንስ ነበር። ከ1954 በኋላ ግን ከፍተኛውን ቅናሽ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መውሰድ ቻለ። ሕንፃው በእውነት እያተረፈ በወረቀት ላይ ግን ኪሳራ ያሳያል፤ ባለቤቱ ከዚህና ከሌላም ሥራው የሚከፍለው ግብር ይቀንሳል፤ ቅናሹ ሲያልቅ ሕንፃውን ሸጦ ሌላ ይሠራል። ሕጉ የሚያደላው ለአዲስ ሥራ እንጂ ለአሮጌ ሕንፃ ጥገና አልነበረም። መሬት አያረጅምና በመሬት ዋጋ ላይ ቅናሽ አይታሰብም፤ ስለዚህ በርካሽ መሬት ላይ ውድ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ይጠቀማል። ርካሽ መሬት የሚገኘው ከከተማ ውጭ ነው። ሳውዝዴል በተከፈተበት በ1956 ደግሞ የአውራ ጎዳናዎች ሕግ ጸደቀ፤ 41 ሺሕ ማይል፣ ማለትም ወደ 66 ሺሕ ኪሎ ሜትር የሚሆን ፈጣን የመኪና መንገድ ለመሥራት 25 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። ገበያ የሌለበት የእርሻ መሬት መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ ላይ ሲውል በአንድ ሌሊት የንግድ ቦታ ሆነ። ከዚህ በኋላ የገበያ ማዕከሎች የተበራከቱት ሸማቾች ስለጠየቋቸው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሕዝብ ያልሰፈረባቸው ቦታዎች ላይ ሳይቀር የተሠሩ ነበሩ።

በዚህ ስደት ውስጥ ሁሉም አልተካተተም። በኢዳይና በ1924 የተመሠረተው የካንትሪ ክለብ ሰፈር የቤት ውሎች ከነጭ በስተቀር ሌላ ሰው ቤት እንዳይገዛም እንዳይኖርም ይከለክሉ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 እንዲህ ያሉ ውሎች በፍርድ ቤት ሊፈጸሙ እንደማይችሉ ቢወስንም፣ የሰፈሩ መልክ ቶሎ አልተለወጠም። ስለዚህ ግሩን የሕብረተሰብ መገናኛ ያለው አደባባይ በተግባር የአንድ ዘርና የአንድ የኑሮ ደረጃ መገናኛ ሆኖ ጀመረ። አውቶቡስ ጠብቆ የሚሄድ ሰው ቀድሞውኑ ከዚያ ሩቅ ነበር።

አደባባዩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙም ሳይቆይ ከሳውዝዴል ውጭ ባሉ ሌሎች ማዕከሎች ምክንያት ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 የገበያ ማዕከል የቀድሞውን የንግድ ጎዳና ቦታ የተካ ነውና ሠራተኞች ተቃውሟቸውን በዚያ ሊያሰሙ ይችላሉ ሲል ወሰነ። በ1972 ግን በፖርትላንድ ከተማ ያለውን የሎይድ ማዕከል በሚመለከት ክርክር ሐሳቡን ለውጦ፣ ማዕከሉ የግል ንብረት ስለሆነ ባለቤቱ የፖለቲካ ጽሑፍ የሚያድሉትን ማስወጣት ይችላል አለ። በ1980 ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ሕገ መንግሥት ሰፋ ያለ መብት ሊሰጥ እንደሚችል ፈቀደ። የሚኔሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ይህን መብት በግል ማዕከል ውስጥ አልሰጥም ብሏል። ሱቁ፣ ወንበሩና ምንጩ ያሉት አደባባይ የከተማ አደባባይ መልክ ነበረው፤ ዜጋው በዚያ የሚቆመው ግን በእንግድነት ነው።

ሚኒያፖሊስና ኋለኛው ዘመን

የሚኒያፖሊስ ሕዝብ በ1950 ከ521 ሺሕ በላይ ነበር፤ በ1980 ከ371 ሺሕ ጥቂት ያነሰ ሆነ። ይህን ሁሉ በአንድ የገበያ ማዕከል ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቢሆንም ከተማዋ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከ1962 ጀምሮ ሕንፃዎችን በፎቅ ደረጃ የሚያገናኙ፣ ከብርድ የሚከላከሉ የተሸፈኑ ድልድዮች ሠራች፤ ዋናውን የንግድ ጎዳናዋን ኒኮሌትን በ1967 ለእግረኞችና ለአውቶቡስ ብቻ አደረገችው። ሳውዝዴል ከተማን ለመምሰል እንደተሠራ ሁሉ ከተማይቱም ሳውዝዴልን ለመምሰል ተገደደች ማለት ነው። የዴይተን ታላቁ የከተማ መካከል መደብር ስሙን እየለወጠ እስከ 2017 ቆይቶ ተዘጋ።

ኩባንያው ራሱ በሁለቱም መንገድ ተጉዟል። በሳውዝዴል አምሳል ብሩክዴልን በ1962፣ ሮዝዴልን በ1969፣ ሪጅዴልን በ1974 በከተማይቱ ዙሪያ ከፈተ፤ ማዕከሎቹንም በ1978 ሸጣቸው። በ1969 የግሩን ሌላው ደንበኛ ከነበረው ከዲትሮይቱ ሃድሰን ጋር ተዋሐደ። በ1962 ግን በሮዝቪል ታርጌት የሚል ስም ያለው ርካሽ መደብር ከፍቶ ነበር፤ ለአደባባይም ለወፍ ቤትም ደንታ የሌለው፣ በመኪና ማቆሚያ ፊት ብቻውን የሚቆም መደብር ነው። ኩባንያውን በመጨረሻ የዋጠው ይህ ልጅ ሆነ፤ ከ2000 ጀምሮ መጠሪያው ራሱ ታርጌት ነው።

ሳውዝዴል በ1972 ሦስተኛ ታላቅ መደብር፣ በ1990 ደግሞ ለዴይተን አዲስና ሰፊ ሕንፃ ተጨመረለት። በ1992 ግን ከእርሱ ብዙም በማይርቀው በብሉሚንግተን የአሜሪካ ሞል የተባለው እጅግ ግዙፍ ማዕከል ተከፈተና ሳውዝዴል ያስተማረውን ትምህርት መልሶ በራሱ ላይ አዋለበት። ብሩክዴል በዋና ክፍሉ በ2011 ፈረሰ። የኖርዝላንድም በር በ2015 ተዘጋ።

ግሩን ራሱ በሥራው ውጤት ደስ አልተሰኘም። የከተሞችን መካከል ለማዳን ለፎርት ወርዝ በ1956 ታላቅ ፕላን አቀረበ፤ አልተፈጸመም። በሮቸስተር በከተማው ልብ የሠራው ሚድታውን ፕላዛ በ1962 ተከፍቶ ለጊዜው ሰመረ፤ በ2008 ተዘግቶ ኋላ ፈረሰ። በ1968 ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ቪየና ተመለሰ፤ የመካከለኛውን ከተማ ከመኪና ለማላቀቅ በተደረገው ጥረትም ተካፈለ። በዚያም አልቀናውም፤ በ1976 ሾፒንግ ሲቲ ዙድ የተባለ ግዙፍ ማዕከል ከቪየና በስተደቡብ በፎዘንዶርፍ ተከፈተና የሚወድዳቸውን ትናንሽ የከተማ ሱቆች መሻማት ጀመረ። በ1978 ለንደን ላይ ባደረገው ንግግር የአሜሪካ የገበያ ማዕከሎች አባት መባልን አልቀበልም አለ፤ ለእነዚያ ዲቃላ ግንባታዎች ቀለብ እንደማይቆርጥም በምሬት ገለጸ። በፌብሩዋሪ 1980 በቪየና አረፈ። ስለ እርሱ የሚጽፉ ሁሉ ይህን ንግግር ይጠቅሳሉ፤ ሆኖም ሰውዬው በ1960 ከኢኮኖሚስቱ ከላሪ ስሚዝ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ማዕከል እንዴት እንደሚሠራ፣ ኪራዩም እንዴት እንደሚሰላ ለመላው ዓለም አስተምሯል። ንድፉን የወሰዱት ሰዎች የተከተሉት እርሱ ራሱ ያዘጋጀውን መምሪያ ነው። መዋለ ሕፃናቱንና ቤተ መጻሕፍቱን ትተው ኪራዩን የያዙት ደግሞ መምሪያው ራሱ ሒሳቡ የሚቆመው በኪራዩ ላይ መሆኑን ስለነገራቸው ነው።

የሕንፃው ዓይነት ባሕር ሲሻገር የተወለደበትን ምክንያት ይዞ አልተሻገረም። ዛሬ «ሞል» የሚለው ስም በአዲስ አበባም በየአደባባዩ ይነበባል። ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ አየር ባላት ከተማ ውስጥ፣ ለሚኔሶታ በረዶ የተፈለሰፈው የታሸገ ሣጥን በምን ሒሳብ እንደሚዋስ ንድፍ የሚያወጡት ባልደረቦች ሊጠይቁት የሚገባ ነገር ነው።

ሳውዝዴል ግን አልሞተም። ከ2010ዎቹ ጀምሮ በማቆሚያው ጠርዝ ላይ አፓርታማዎችና ሆቴል ተሠርተዋል፤ ሦስተኛው ታላቅ መደብር በነበረበት ስፍራም በ2019 የስፖርትና የጤና ማዕከል ተከፍቷል። በ1952 ፕላን ላይ የነበረው ሐይቅ አልተቆፈረም። የቤርቶያ ወርቃማ ዛፎች አሁንም በአደባባዩ አሉ፤ በአፓርታማዎቹ የሚኖሩትም ሰዎች የመኪና ማቆሚያውን በእግራቸው አቋርጠው ወደዚያ ይገባሉ።